ፐብሊክ ነህ?

ከአገር የወጣሁ ለት ማታ፣ ከሌሞ እስከ ሆሳዕና መናኸሪያ ያደረሰን የጎረቤታችን ጋሪ ነበር። ባለጋሪው ሰው ካየ አያልፍም። ፈረሱን አቁሞ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ የገብሱን ነገር ሳይቀር ይጠይቃል። እኔ መኪናው ያመልጠኛል ብዬ ልቤ ተሰቅሏል። «በናትህ ንዳው!» አልኩት። እናቴ በሶ የቋጠረችበትን ፌስታሌን አቅፋ አጠገቤ ተቀምጣለች። «ሰው አያሳጣህ» አለችኝ። ገንዘብ አያሳጣህ አላለችም፤ እኔ ግን ያን ጊዜ የሰማሁት እንደዚያ ነበር።

ከሞያሌ ወዲያ ያለውን መንገድ ከሾኔም ከሀደሮም የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያልወጣችሁም ባታውቁት ይሻላል። አሁን ደቡብ አፍሪካ ነኝ። የአገራችን ልጆች ከሚበዙበት ከጆበርግ ርቄ፣ ዩኒቨርሲቲ ባለባት ትንሽ ከተማ የሰው ሱቅ እጠብቃለሁ። ቀኑን ሙሉ በብረት ፍርግርግ «ማይ ፍሬንድ፣ ዳቦ! ማይ ፍሬንድ፣ ኤርታይም!» ይሉኛል። የከተማው ሰው ሁሉ ማይ ፍሬንድ ይለኛል፤ ጓደኛ ግን አንድም የለኝም። ፓፕ የሚሉት ገንፎ አላቸው፤ ቅቤ አያውቅ፣ ሚጥሚጣ አያውቅ። እሱን እየበላሁ በቅቤ የራሰው የእናቴ የቡላ ገንፎ፣ አተካናው ሲታወሰኝ እንባዬ ይመጣል፣ ምን ልዋሽ።

አከራዬ ስሜን ጠየቀችኝ።

«ታምራት።»

«ረጅም ነው» አለች። «የምትከራየው የጓሮውን ክፍል አይደል? ባክሩም እልሃለሁ።»

ባክሩም ከታምራት በምን እንደሚያጥር አልገባኝም። ይኸው እስካሁን ባክሩም ነኝ። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የሆነ ሰው እንዴት ነህ ብሎ ጠይቆኝ፣ መልሴን ቆሞ እንዲሰማኝ።

ባለሱቁ ዕቃ ይዞ የሚመጣበት ረቡዕ ከሰዓት እረፍቴ ነው። አንድ ረቡዕ በዩኒቨርሲቲው በር ሳልፍ «ፐብሊክ ሌክቸር፣ መግቢያ በነጻ» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ጥበቃው አስቆመኝ።

«የተማሪ ካርድ?»

«የለኝም።»

«ሠራተኛ ነህ?»

«አይደለሁም» ብዬ ማስታወቂያውን አሳየሁት። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ፐብሊክ ነህ?»

«ነኝ።»

አስገባኝ። ፐብሊክ እኮ ሕዝብ ማለት ነው! ወረቀቴን ላሳድስ በሄድኩ ቁጥር «አንተ ሲስተም ላይ የለህም» የሚባልበት አገር፣ እኔ ሕዝብ ሆኜ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ አይቀረኝም። ስለ ከዋክብት ሰማሁ፣ ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ሰማሁ፤ ግማሹ አይገባኝም። እኔ የምጠብቀው ከሌክቸሩ በኋላ ያለውን ሻይ ነው። ሻዩ ሲመጣ ግን ሰዉ ክብ ሠርቶ ይቆምና ጀርባው ለእኔ ይደርሰኛል። ኩባያዬን ይዤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሥዕል የማደንቅ እመስላለሁ። አንድ ሰሞን ስለ ስደት ኤግዚቢሽን ነበር፤ ሥዕሉ ሁሉ ሻንጣ። እኔ የመጣሁት በፌስታል ነው።

ባለፈው ረቡዕ ስለ ስደትና ብቸኝነት ፓነል ተዘጋጀ። ሦስት ምሁራን ተናገሩ፣ ጥሩ ተናገሩ። አወያይዋ «ጥያቄ ያለው?» ስትል እጄ ሳላዘው ወጣ። ማይክራፎን ሰጡኝ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ማይክ የያዘ ሰው አስቀድሞ ጉባኤውን ሰላም ይላል፣ ጉባኤውም ይመልሳል። እኔም ለምጄው ቆምኩና «እንዴት ናችሁ? ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆች ደህና ናቸው?» አልኩና መልስ ጠበቅኩ።

«ጥያቄህ ምንድን ነው?» አለች አወያይዋ።

«እሱ ነው» አልኩ፤ ሌላው ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር።

«ቢዩቲፉል!» አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። አንዳንዱ ቆሞ ነው ያጨበጨበው። ከዚያ ማይኩን ተቀበሉኝና ለሌላ ሰው ሰጡት። ሻይ ላይ አንድ ሰው ትከሻዬን መታ አድርጎኝ አለፈ።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ሰፊ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ተናገርኩ ስላት እልል አለች።

«ምን አልካቸው?»

«ሰላም አልኳቸው። ቤተሰቡን ጠየቅኩ።»

«ጎሽ የኔ ልጅ! እነሱስ ምን አሉህ?»

«አጨበጨቡ።»

«እሺ፣ ካጨበጨቡ በኋላስ? ደህና ነን፣ አንተስ አላሉህም?»

«አላሉኝም።»

«አልሰሙህ ይሆናላ፤ አዳራሹ ሰፊ ነው ብለህ የለ። ሌላ ጊዜ ጮክ ብለህ ጠይቃቸው።»

«እማዬ፣ በማይክራፎን ነው እኮ የጠየቅኳቸው» አልኳት።