ሁለት እጅ የገባበት ሙዳይ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከገበያ የገዛችውን ስንደዶ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ብትወጣ፣ ያ የርጥብ ሣር ሽታ ቤቱን ሞላው፤ እኔም ከጓዳ ስወጣ እንደ ሞኝ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ይህ ሽታ እስከ ዛሬ ልቤን ድው ያደርገዋል።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ሰቆጣ። እማዬ በንዳድ ስትሞት የወተት ጥርሴ ገና እየወለቀ ነበር። ትታው ከሄደችው ዕቃ ሁሉ እኔ ዓይኔን የጣልኩት አንድ ሙዳይ ላይ ነው፤ አፉ ሳይደርስ፣ ወስፌው እንደተሰካበት የቀረ። ሰው ሳያየኝ ፊቴን ከውስጡ ከትቼ አሸተው ነበር፤ እሷን እሷን ይላል።

በእኛ ቤት ወግ ግን የሟች የእጅ ሥራ ለነፍሷ ነው፤ በአርባዋ ዕለት ከልብሷ ጋር ተጠቅልሎ ለንስሐ አባቷ ይሰጣል። ይህን የሚያስፈጽሙት የአባቴ ታላቅ እህት፣ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ነበሩ። እሳቸው ከዚያው ከእኛ አገር ዝቋላ በበቅሎ ሲመጡ እንኳን እኛ ውሻውም ጭራውን ይሰበስባል፤ አባቴ፣ ያ ጢማም ሰውዬ፣ እሳቸው ፊት ድምፁ ይቀጥናል። ሙዳዩን እንደሚወስዱብኝ አወቅሁ።

የእማዬ ታናሽ እህት ደስታ ሙዳዩን አቅፌ ስነፋረቅ አገኘችኝ። አልነጠቀችኝም፤ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ለቅሶ አያስቀረውም፣ የኔ እናት። ሁለት እጅ የገባበት ዕቃ ግን የቤት ነው፤ ይህን ሽማግሌ ሁሉ ያውቀዋል። በይ ስፊ!»

ስፊ ማለት ቀላል ነው! ወስፌው ጣቴን ይበላዋል፣ ስንደዶው ያመልጠኛል፣ ያጠበቅሁት ይጎብጣል፣ ያላላሁት ይንዘላዘላል። አክስቴ ደስታ እየሳቀች «ይሄ የፍየል መንገድ ነው እንጂ ዙር ነው?» ትለኛለች፤ ግን አትፈታብኝም። አንድ ቀን እኔው አፍሬ ልፈታው ስል በኽምጣኛ ጮኸችብኝ፤ ስትናደድ አማርኛው ይጠፋባታል። እየሰፋን ስለ እማዬ ታወራኛለች፤ እዚህ ጋ ቀዩ አለላ አልቆባት ከጎረቤት ለምና ነው፣ እዚህ ጋ አንቺ እያለቀስሽ አስቁመሻት ነው፣ እያለች። ከቀብሩ በኋላ ሰው ሁሉ ለእኔ አዝኖ የእማዬን ስም ሲሸሽ፣ እሷ ብቻ ጠራችልኝ።

አርባው ደረሰ። ዳሱ ውስጥ ካህናቱ ሲጸልዩ እማሆይ እኔ ከደስታና ከአባቴ ጋር ወደተቀመጥኩበት ጓዳ ገቡ፤ ቀሚሷን፣ ነጠላዋን፣ መቀነቷን እያነሱ አንድ ጋቢ ላይ ከመሩ። በመጨረሻ ሙዳዩን አነሱ። ወስፌው ወደቀ። ጣታቸው በዙሩ ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ እኔ የሰፋሁት ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

ደስታ መሬት መሬት አየች። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የእኔ ነው፣ እማሆይ፤ ገና አልጨረስኩትም» አልኩ። ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነበር።

ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። ደስታን ገላመጧት፤ የማን ብልሃት እንደሆነ ገብቷቸዋል።

«እንዲህ የተንጋደደ ስፌት ለካህን አይሰጥም፤ ያሳፍራል» ብለው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ወስፌውንም ከመሬት አንስተው ራሳቸው መልሰው ሰኩበት።

እማሆይም፣ ደስታም፣ አባቴም ካለፉ ቆዩ። የሰቆጣው ቤታችን የለም። የእማዬ ፎቶ አልነበረንም፤ ፊቷ ከዓይኔ ጠፍቶብኛል፣ ይህን ስናገር እንኳን ያንገበግበኛል።

ልጄ ስንደዶውን የዘፈዘፈችው ለካ ለዚሁ ሙዳይ ኖሯል። «እማዬ፣ ይሄን ጠማማውን ፈትቼ ላስተካክልልሽ» ብላ ወስፌ ስታነሳ እጇን ለቀም አደረግኩት። ደነገጠች፤ ያን ያህል አጥብቄ መያዜን እኔም አላወቅሁም።

ዛሬ እማዬን በዕድሜ እጥፍ አልፌያታለሁ፤ ልጄ በሆነች ነበር። ሙዳዩ ላይ ግን እሷ አሁንም ትልቅ ሰው ናት፣ እኔም ከጎኗ ተቀምጬ ስፌት የማበላሽ ሕፃን ነኝ። ከዚያ ሌላ የማንም ልጅ የምሆንበት ቦታ አልቀረኝም።