ቁርበት የለበሰው ሞተር ሳይክል

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ በሰባዎቹ መጀመሪያ፣ ወረታ ስሠራ ነው። ሥራዬ ከብት መከተብ ነበር። ነገሩን የማልረሳው ስለፈራሁ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ፍርሃት ብርቅ አልነበረም። የማልረሳው አፌ ላይ የደረሰ ቃል ስለዋጥሁ ነው።

መሥሪያ ቤታችን አንዲት የስፖርት ሞተር ሳይክል ነበረችው፤ ከአንድ ነጋዴ ልጅ የተወረሰች። ፊቷና ጎኗ በቀይ የፋይበር ሽፋን የተለበጠ፣ ጎንበስ ብለው የሚነዷት፣ ለክትባት ቀርቶ ለገበያ መንገድም የማትመች ነገር ናት። አንድ ጊዜ ለበዓል የአውራጃው መሥሪያ ቤቶች የሞተር ውድድር ያድርጉ ተባለ፤ እሷን ይዤ እንድሮጥ እኔ ተመደብሁ። የወረዳው ካድሬ አስጠርቶኝ፣ “ጓድ፣ የወረታን ስም በክፉ እንዳታስጠራ” አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው ያለኝ። ያን ቀን ምሳ አልወርድልህ አለኝ።

አወዳዳሪዎቹ መብራቱ፣ መስተዋቱ፣ የሚሰበር ነገር ሁሉ ይነቀል አሉ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ቀዩ ሽፋን ከተጫረ በአሻጥር እጠየቃለሁ ብሎ አስፈታውና ግምጃ ቤት ቆለፈበት። ያለ ሽፋን ግን አልነዳ አለችኝ። ጉልበቴ ከጋለው ብረት ጋር ይነካካል፣ ነፋሱ ደረቴን ይመታኛል፣ የውድድር ቁጥር የሚጻፍበትም ቦታ የለም። ስለዚህ ምትክ ሽፋን ፍለጋ ጀመርሁ።

መጀመሪያ ያሰብሁት ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ሠራተኛው ለክቶ ቆረጠልኝ። ገጥመን ስንሞክረው ሲንኳኳ ሰፈሩን አስወጣው፣ ጠርዙም ጣቴን ቀደደኝ። ቆሜ ሳለሁ እንዲህ ካደረገኝ ስወድቅ እግሬን ነው የሚወስደው ብዬ ተውሁት። ቀጥሎ ከጣና ዳር ታንኳ የሚሠሩበትን ደንገል አስመጣሁ። ደንገል ቀላል ነው፣ ቢወድቁበትም አይቆርጥም። ጭስ ማውጫው ሲነካው ግን መጨስ ጀመረ። እሳት ታቅፌ መሽቀዳደም አልፈለግሁም።

ውድድሩ አራት ቀን ሲቀረው ኮርቻ ሠሪው አያ ጌጡ መላ አመጡ።

“ልጄ፣ ጥሬ ቁርበት በርጥቡ ወጥሬ ላልብስልህ። ሲደርቅ የሞተሩን መልክ ይይዛል። ቢወድቁበት አይቆርጥ፣ ቢረግጡት አይሰበር።”

“በብሎን ብናስረው አይሻልም፣ አያ ጌጡ? ከውድድሩ በኋላ ቶሎ እንድፈታው” አልኋቸው።

“ብሎን ቁርበት ይቀድዳል። ጠፍር ይበጃል እንጅ።”

በማግሥቱ የታረደ የአንድ በሬ ቁርበት ገዛን። ጊዜ ስላልነበረ አያ ጌጡ ጠጉሩን እንኳ ሳይፍቁት ሞተሯ ላይ ወጠሩት፣ በርጥብ ጠፍርም ጠፈሩት። ፀሐዩ አደረቀውና እንደ እንጨት ጠነከረ። ቁጥሩን በኖራ ጻፍንበት። ክብደቱ የቀዩን ሽፋን ግማሽ አይሆንም። ይሸታል፤ ግን ከብት ሲከትብ ለሚውል ሰው ሽታ ምኑ ነው? የሠፈሩ ሰው “ሞተርህን ሥጋ አብላት” እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ውድድሩ የተደረገው ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቁሐር ሚካኤል በኩል፣ የጣና ውኃ ከሸሸ በኋላ በደረቀው ሜዳ ላይ ነው። አራት ዙር ነበር፣ ተወዳዳሪዎቹ አምስት። መነሻና መድረሻው ላይ ተማሪዎች ተሰልፈዋል፤ ካድሬዎቹ ዳስ ውስጥ ተቀምጠዋል። በማዶው በኩል የገበሬው ከብት ተሰማርቷል።

በመጀመሪያው ዙር ሁለተኛ ነበርሁ። እንዳልወድቅ እንጂ እንዳሸንፍ አላሰብሁም። በማዶ ሳልፍ ከብቶቹ ቀና ቀና ሲሉ አየሁ። ድምፁ ነው ያስደነገጣቸው አልሁ።

በሁለተኛው ዙር ከአንድ ኩሬ ገባሁና ውኃው ሞተሯን አራሳት። ቁርበቱ ረጠበ፤ የሞተሩ ሙቀት ሲያገኘው ትኩስ ሽታ አወጣ። አንድ ትልቅ ጥቁር ኮርማ አፈሩን እየጫረ ሲያጓራ ሰማሁ።

በሦስተኛው ዙር መንጋው እየሮጠ መጣ። ከፊቴ የነበረው ሰው በአፍንጫቸው ሥር ሲያልፍ ዞር ብለው አላዩትም። እኔ ስደርስ ግን ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያኔ ገባኝ። ከብት የወገኑን ደም ሲያሸት ምን እንደሚሆን ስንት ዓመት ያየሁ ሰው ነኝ። በሬ የታረደበት ቦታ ሲደርሱ ከበው እንደሚያጓሩ፣ ደማቸው ፈልቶ እርስ በርስ እንደሚዋጉ አውቃለሁ። ቁርበቱ አይቆርጥም፣ ቀላል ነው እያልሁ ይህን ማሰብ ረሳሁ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ ሆነ።

ኮርማው ከኋላዬ ነው፣ ከፊቴ ተማሪዎቹ ናቸው። ዙሩን ልጨርስ ብል መንጋውን ልጆቹ ላይ ልነዳው ነው። መሪውን ከመንገዱ አስወጥቼ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ጠመዘዝሁት። ብዙም ሳልሄድ ያልደረቀ ረግረግ ያዘኝና ሞተሩ ጠፋ።

ለምን ጥለሃት አልሮጥህም የሚሉኝ አሉ። ንብረቷ የመንግሥት ነበረች፤ ኮርማ ወጋት ብዬ ለካድሬው ስናገር ታየኝ። ቁርበቱን ብቻ ልጣልላቸው ብዬ ጠፍሩን ለመፍታት ታገልሁ። ቋጠሮው ድንጋይ ሆኗል። በጥፍሬም በጥርሴም ሞከርሁ። ቀና ስል መሮጫ አልነበረም፤ ዙሪያዬን ከበውኛል። ኮርማው ሲያጓራ ትንፋሹ ፊቴን መታኝ። ሞቴ በከብት ቀንድ ሆነ አልሁ።

አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት እዚያ አካባቢ ሣር ሲያጭዱ ነበር። ማጭዳቸውን እንደያዙ፣ ሳይቸኩሉ፣ “ተው ጌታው፣ ተው” እያሉ በከብቱ መሀል ገቡ። የኮርማውን ጎን በመዳፋቸው ገፋ አድርገው አለፉት። ጠፍሮቹን አንድ በአንድ በማጭዱ በጠሷቸው። ቁርበቱን ገንጥለው ጎተቱት፤ ከብቱም እሳቸውን ተከተለ። ራቅ ወዳለ ጭቃ ጣሉትና በእግራቸው ረግጠው ቀበሩት። ከዚያ መንጋው ከበበውና ማጓራቱን ቀጠለ። እሳቸው ወደ እኔ ተመለሱ።

“ምነው ልጄ፣ ምን ነካህ? ወገናቸውን ለብሰህ ከመሀላቸው ትገባለህ?”

“አላሰብሁትም፣ እናቴ።”

“አንተስ አላሰብህ።” ከብቱን ዞር ብለው አዩት። “ተዋቸው፣ ያልቅሱ። ሲወጣላቸው ይተዋሉ። እነሱስ ታድለው፤ አታልቅሱ የሚላቸው የለ። እኔ የሁለት ልጆቼን መርዶ የሰማሁ አፌን በነጠላ ይዤ ነው።”

በዚያ ጊዜ እርምጃ የተወሰደበት፣ መንግሥት የገደለው ሰው ቤተሰብ እንደማያለቅስ፣ ለቅሶም እንደማይቀመጥ የማያውቅ አልነበረም። ሴትዮዋ ይህን የተናገሩት ለማያውቁት የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ለምን እንዳመኑኝ አላውቅም። “እግዚአብሔር ያጽናዎት” ልል አፌን ስከፍት የካድሬው መኪና አቧራ እያስነሳ ሲመጣ አየሁ። አፌን ዘጋሁት። እሳቸው ጥቂት ጠበቁኝ። ከዚያ ማጭዳቸውን ጠራርገው ወደ ሣራቸው ሄዱ።

ካድሬው ከመኪናው ወርዶ ሞተሯን ዞሮ አያት። ተማሪዎቹ ስለተረፉ ደስ ሳይለው አልቀረም፤ አልተቆጣኝም። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ አገጩን ወርወር አድርጎ፣ “ምን አለችህ?” አለኝ።

“ምንም” አልሁ።

ጓደኞቼ በዚያ ቁርበት ዓመታት ሙሉ ሲስቁብኝ ኖሩ፤ እኔም አብሬ ስስቅ ኖርሁ። ለካድሬው “ምንም” ማለቴ አይቆጨኝም፤ ደግ አደረግሁ እላለሁ። ለእሳቸው ምንም አለማለቴ ነው የሚቆጨኝ። መኪናው ገና ሩቅ ነበር። ሁለት ቃል ለማለት ጊዜ ነበረኝ። በኋላ ለክትባት በዚያ ባለፍሁ ቁጥር ሣር የምታጭድ ሴት ሳይ ቀረብ እያልሁ አያለሁ። አላገኘኋቸውም። ዛሬ በሕይወት አይኖሩም፤ ቢሆንም እዚህ ልበለው፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እናቴ።