ከሻሽ ስር ያለ ዝምታ

ኮሌታ ሰፊዋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ ኖራለች። ሌላ ነገር አትሰፋም። እጅጌው የሌላ ሰው ነው፣ ቁልፉ የሌላ ሰው ነው፤ የእሷ ድርሻ አንገቱ ብቻ ነው። መንገድ ላይ እንኳ ሰው ስታገኝ ዓይኗ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ፊቱ ሳይሆን ወደ ኮሌታው ነው እያሉ ጓደኞቿ ይስቁባታል።

የምትሠራበት አዳራሽ ውስጥ ከመቶ የማያንሱ ማሽኖች ባንድ ላይ ይጮኻሉ። እዚያ ሰው የሚነጋገረው በአፉ ሳይሆን በቅንድቡ ነው። ከአዳራሹ ስትወጣ ደግሞ አውቶቡሱ ይጠብቃታል፤ ጠዋት የአንድ ሰዓት ከሩብ መንገድ፣ ማታ የአንድ ሰዓት ከሩብ መንገድ። ሾፌሩ ሙዚቃ የሚከፍተው ለተሳፋሪው ብቻ ሳይሆን ለሚያልፍበት ሰፈር ሁሉ ይመስላል። ከኋላዋ በስልክ የሚጣላ አይጠፋም። ሞተሩ ዳገት ላይ ሲደርስ እንደ ታመመ ከብት ያቃስታል። ይኼን ሁሉ አልፋ ቤቷ ስትደርስ ደግሞ ባሏ አለ።

ባሏን ጎረቤቱ ሁሉ «ራዲዮ» ነው የሚለው። ሃያ ሰባት ዓመት የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ወገቡ አልታዘዝ ሲለው ቤት ዋለ። ሾፌር ብቻውን የሚውል ሰው ነውና ወሬ ያጠራቅማል፤ ራዲዮ ግን ያጠራቀመውን ሲያወራ ኖሮም አልጨረሰውም። የተዋወቁትም በወሬ ነው። ከኮሌታው በፊት እሷ የፋብሪካው መጋዘን ውስጥ የጨርቅ ጥቅል ተቀባይ ነበረች። እሱ ጭነት ይዞ መጣ፤ እስኪራገፍ ድረስ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንዴት እምቢ እንዳለው ያወራላት ጀመር። እሷም ስንት ጥቅል እንደቆጠረች ጠፍቷት እንደገና ከአንድ ጀመረች። «በመልኩ መሰላችሁ? በምላሱ ነው የወሰደኝ» ትል ነበር ለሚጠይቃት።

ሃያ አምስት ዓመት ግን ረጅም ነው። ሰው የወደደውም ነገር ይደክመዋል።

አንድ ቀን አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ፣ ጨርቅ ቆራጯ፣ ሁለት ትንንሽ ኤርፎኖች ከጆሮዋ አውጥታ በኮሌታ ሰፊዋ ጆሮ ውስጥ ሰካችላት። ሙዚቃው ወደ ሌላ መንደር እንደተሰደደ ሁሉ ራቀ። ሞተሩ ጠፋ። ከኋላ የሚጣላው ሰውዬ አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ሆነ። ኮሌታ ሰፊዋ ሳታስበው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ቆራጯ ደንግጣ አንዱን ነቀለችላት።

«ምነው? አመመሽ እንዴ?»

«አይ» አለች። «ለካ ይቻላል።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ ገባች። ዋጋውን ሲነግሯት ክው ብላ ወጣች፤ መንገዱን ተሻግራ ትንሽ ቆመችና ተመልሳ ገባች።

«ሰው ሲጠራኝስ? እሰማለሁ?» ስትል ሻጩን ጠየቀችው።

«እናቴ፣ ሲፈልጉ ይሰማሉ፣ ካልፈለጉ አይሰሙም። በጣትዎ ነካ ማድረግ ብቻ ነው» አላት። «ዘፈን መክፈትም ግዴታ አይደለም። ዝም ብሎም ይሠራል።»

«ዝም ያለውን ነው የምፈልገው» አለች።

መጀመሪያ የአውቶቡስ ብቻ ነበር። ኤርፎኑ ከገባ በኋላ አንዳንድ ቀን ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ ጣል አድርጋ ትተኛለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ የምታልፍበትን ሱቅና ዛፍ ሁሉ እንደ አዲስ ታያለች። ለካ ጆሮዋ ሲጮህበት ዓይኗም አያይም ነበር። ቤት ስትገባ ራስ ምታቷ ጠፋ። ለባሏም ልትነግረው አስባ ነበር። ግን ዋጋውን ይጠይቀኛል፣ ነገ እነግረዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግረዋለሁ ስትል ሰነበተች።

የማሽኑ ጎማ ፀጉር እንዳይጎትት የአዳራሹ ሴቶች ሁሉ ሻሽ ያስራሉ። እሷም ሻሿን ቤት ገብታ የምትፈታው ስትተኛ ብቻ ነው፤ ጆሮዋን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። አንድ ቀን ደክሟት ኤርፎኑን ሳታወልቅ ገባች። ራዲዮ በሩ ላይ ተቀብሏት ማውራት ጀመረ። እጁ ይወናጨፋል፣ ቅንድቡ ይወጣል ይወርዳል፤ ድምፁ ግን ከሩቅ ግድግዳ ጀርባ እንዳለ ሰው ሆነ። ልታወልቀው እጇን ሰደደች፤ ከዚያ መለሰችው። ዛሬ ብቻ አለች።

ዛሬ ብቻ አራት ወር ሆነ።

የአዳራሽ ሴት ናትና ቅንድብ ማንበብ ታውቃለች። የት ላይ «አይ!» እንደሚባል፣ የት ላይ እንደሚሳቅ፣ የት ላይ «እግዜር ያውቃል» ተብሎ እንደሚታለፍ ከእጁና ከፊቱ ትለየዋለች። የሚያስፈልግ ነገር ሲጠይቃት አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፤ ያኔ ሻሿን የምታስተካክል መስላ ኤርፎኑን ነካ ታደርግና ትሰማዋለች። ክፋት አልነበረባትም። እሱ ማውራቱ ደስ ይለዋል፣ እሷ ማረፏ ደስ ይላታል፤ ማን ተጎዳ?

ድምፁ መሻከሩን ግን በኤርፎኑ ሳታፍነው በፊትም ታውቅ ነበር። ሲጋራውን ተሳደበች፣ ማር በሎሚ አፍልታ ሰጠችው። እሱም ሆስፒታል እሄዳለሁ ብሎ ነበር። መሄድ አለመሄዱን አልጠየቀችውም፤ ወይም ነግሯት አልሰማችውም።

አንድ ሐሙስ እራት ላይ ሾርባ እየጠጡ ሳለ ራዲዮ ማንኪያውን አስቀመጠ። እጁ አልተወናጨፈም። ቅንድቡም ዝም አለ። ሳህኑን እያየ ቀስ ብሎ ጥቂት ነገር ተናገረ፤ ጥቂት ብቻ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። አንገቱን አላዘነበለም፤ ስለዚህ ጥያቄ አይደለም አለች በልቧ። የጎረቤት ሐሜት ወይም የድሮ ጓደኛ መርዶ ይሆናል።

«እሺ፣ ምን ይደረጋል» አለችው።

ራዲዮ ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ተነስቶ ሳህኖቹን ሰበሰበና አጠበ። በትዳራቸው ዘመን ሳህን አጥቦ አያውቅም። እሷም «ሰው ሲያረጅ ይሻሻላል» ብላ በሆዷ ሳቀች። ከዚያ ቀን በኋላ ወሬው ቀነሰ። ይኼንንም በመልካም ተረጎመችው።

በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ የምሳ እረፍት ላይ ሳለች ሌላ ከተማ የምታስተምረው ልጇ ደወለች።

«እማዬ፣ ከትምህርት ቤት ፈቃድ አግኝቻለሁ። ነገ እመጣለሁ። ማክሰኞ አብሬሽ እሆናለሁ።»

«ማክሰኞ ምን አለ?»

«እማዬ፣ አባዬ ቀዶ ሕክምና የሚገባው ማክሰኞ አይደል?»

ኮሌታ ሰፊዋ የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠች። «የምን ቀዶ ሕክምና?»

«ነግሬያታለሁ አለኝ እኮ! እንዲያውም ‹እናትሽ ብርቱ ናት፣ እሺ ምን ይደረጋል ብላ በደንብ ተቀበለችኝ› አለኝ። እማዬ፣ ጉሮሮው እኮ ነው። ማንቁርቱን ያወጡታል። ከዚያ በኋላ ድምፅ የለውም።»

አለቃዋን ምን ብላ እንዳስፈቀደች አታስታውስም። በአውቶቡሱ ኤርፎኑን ቦርሳዋ ውስጥ እንደያዘች ሄደች። ሙዚቃው ይጮሃል፣ ሞተሩ ያቃስታል፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ሙሉ ሁሉንም ሰማችው።

ራዲዮ ጠረጴዛው ላይ የተበጠሰ የካውያ ገመድ ይጠግን ነበር።

«ምነው በዚህ ሰዓት? ተባረርሽ እንዴ?» አላት። ድምፁ አሸዋ ላይ እንደሚጎተት እንጨት ነበር። እንዲህ እንደባሰበት አላወቀችም ነበር።

ሻሿን ፈታች። ኤርፎኖቹን ከቦርሳዋ አውጥታ ፊቱ አስቀመጠቻቸው።

«ምንድን ነው?»

«ድምፅ የሚያጠፋ ነው። ጆሮ ውስጥ ይገባል።» ወደ እሱ ገፋ አደረገቻቸው። «የዚያን ሐሙስ የነገርከኝን አልሰማሁም።»

«እሺ ምን ይደረጋል አልሽኝ እኮ።»

«ሳልሰማ ነው ያልኩት።»

አንዱን አንስቶ እንደ መኪና መለዋወጫ አገላብጦ አየው። ወደ ብርሃን አዙሮ ያዘው። «ጥሩ ሥራ ነው» አለ። ቆይቶም «ከመቼ ጀምሮ?» ሲል ጠየቀ።

«አራት ወር።»

«በየቀኑ?»

«አብዛኛውን ቀን።»

አሰበ። አንድ ነገር በልቡ ወደ ኋላ እየቆጠረ እንደሆነ ገባት።

«ከወንድሜ ጋር መታረቄንስ?»

ታናሽ ወንድሙ ግንበኛ ነው። በአባታቸው ቤት ውርስ ተጣልተው አሥራ አንድ ዓመት ተኮራርፈው ነበር።

«መቼ ታረቃችሁ?» አለች።

ራዲዮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ሳል ሆነበት። «ሁለት ቀን እራት ላይ አውርቼልሻለሁ። በሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምኩልሽ፤ አልጠገብኩትም ነበር። ሳቅሽልኝ፣ ‹እግዜር ያውቃል› አልሽኝ።»

እሷ የፈታችውን ሻሽ ጠረጴዛው ላይ አጣጠፈችው።

«እኔ እኮ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ‹ምን ዓይነት ብርቱ ሴት ናት› ስል ነው የከረምኩት» አለ። «አንቺን አይቼ ነው የጠነከርኩት።» ከዚያ ገመዱን አንስቶ ጥገናውን ቀጠለ።

እግሩ ላይ ልትወድቅ ቃጣት። «አሁን አውራኝ። ሁሉንም ንገረኝ፣ ከመጀመሪያው። ሦስት ቀን አለን።»

«ተቀይሜ አይደለም» አላት ሳያያት። «ብዙ አታውራ ብሎኛል ሐኪሙ። ደግሞም ወሬ ሲታዘዝ አይወጣም።»

እውነቱን ነበር። ቅዳሜ ማታ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ጠበቀች፤ እሱም ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ተወው። እንደዚያ አፍጥጣ ስታየው የሚለው ጠፋው። እሑድ ልጃቸው መጣችና ድምፁን እንቅረጽ ብላ ስልኳን አፉ ላይ ደቀነችበት።

«ሄሎ፣ ሄሎ። ይሰማል?» አለ ራዲዮ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሁለቱን ተራ በተራ አየ። «ለማን ነው የማወራው? ለስልክ?» አለና እጁን አወናጭፎ ተነሳ። የተቀረጸው ይኸው ነው፤ አሥራ አንድ ሰከንድ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ገባ። አልጋው ላይ ተቀምጦ የጋዙ ማጥፊያ ስለላላ በደንብ እንድታጠብቀው፣ የውሃው መክፈያ ደረሰኝ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ፣ የጓሮው በር ቁልፍ ወደ ግራ ካልተሳበ እንደማይዞር ነገራት። እሷም ትንፋሿን ውጣ ሰማችው። «ሌላስ?» ትለዋለች። «ሌላማ የለም» ይላታል። ማክሰኞ ጠዋት በተሽከርካሪ አልጋ ሲወስዱት እጇን ያዘ። ጎንበስ አለችለት።

«ጫማዬን ያዢልኝ» አላት። «እዚህ ይሰርቃሉ አሉ።»

ይኼን ሁሉ ዘመን ያወራ ሰው የመጨረሻ ቃሉ ይኼ ሆነ። ጫማዎቹን እስኪወጣ ድረስ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጠበቀችው።

አሁን ራዲዮ አንገቱ ላይ ባለው ቀዳዳ ይተነፍሳል። ወደፊት በልምምድ ድምፅ የሚያወጣበት መንገድ አለ ብለዋል ሐኪሞቹ፤ እስካሁን ግን እሱ አልሞከረም። ደብተር ተሰጥቶታል። ወሬኛ ሰው ግን መጻፍ አይችልበትም፤ «መስኮት»፣ «ጨው አንሷል»፣ «ማን ነው የመጣው» እያለ ይጽፋል። ጎረቤቶቹ «ራዲዮ» ማለቱን ትተው «ጋሼ» እያሉ በማዕረግ ይጠሩታል፤ ይኼ ከሁሉም በላይ ያሳዝነዋል። እሷ አውቶቡስ ላይ ኤርፎኑን ዛሬም ታደርጋለች። አውቶቡሱ ያው አውቶቡስ ነው። ፌርማታው ላይ ስትወርድ ግን ታወልቃለች፤ ሰፈር ውስጥ የሚጮኸውን ሁሉ ሰምታ ቤት ትገባና፣ ልማዷ ባይሆንም፣ ማን ከማን ጋር ሲጣላ እንደሰማች ትነግረዋለች። አታውቅበትም። ታሪኳ ከሁለት አረፍተ ነገር በላይ አይሄድም።

ከቀዶ ሕክምናው በሦስተኛው ወር ግንበኛው ወንድሙ ሊጠይቀው መጣ። ጣቶቹ ሲሚንቶ የበላቸው፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ኮሌታ ሰፊዋ ሻይ አቀረበችለትና አላስችል አላት።

«እንዴት ታረቃችሁ? እስቲ ንገረኝ።»

«ደወለልኝ» አለ ግንበኛው። «አነሳሁት። ታረቅን።»

«ምን አለህ?»

ራሱን አከከ። «እኔ እንጃ፣ ብዙ አወራ። ታውቂው የለ።»

«እባክህ አስታውስ። አንድ ነገር እንኳ።»

«ያለቀስን ይመስለኛል» አለ ግንበኛው፤ አፍሮም ሻዩን አነሳ።

ራዲዮ ከአልጋው ሆኖ ሁለቱንም ያያቸዋል። ደብተሩን ወደ ራሱ ሳበ። እስክሪብቶውን ከፍቶ ወረቀቱ ላይ አሳረፈው፤ ጠበቀ፤ ጥቂት ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሁለት ቃል ጽፎ ደብተሩን ወደ ሚስቱ አዞረው።

«ረጅም ነው» ይላል።

«አለሁ» አለችው፤ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች። እሱ ግን የእስክሪብቶውን ክዳን ገጥሞ ትራሱን አስተካከለና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ግንበኛው ሻዩን ጨርሶ ሲነሳ እሷ ደብተሩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እየጠበቀች ነበር።