ለእትዬ በለጡ የወሰድኩት አመድ

ይህ የሆነው የዛሬ ሰባት ዓመት ነው። ሰው ክፉ ሳያስብም ሰው ሊጎዳ እንደሚችል ያየሁበት ቀን ስለሆነ አይረሳኝም።

ጅማ ዳርቻ ባለ አንድ ፋብሪካ፣ በድንጋይ ከሰል ውኃ የሚያፈላ ቦይለር ላይ ሠራተኛ ነበርኩ። ድሮ ጭሱ ሰፈሩን ስለሚያጠቁር ሰዉ ሲረግመን ኖሯል። በኋላ የጨርቅ ማጣሪያ ተገጠመና ጭሱ ነጣ። እኔማ ራሴ የሠራሁት ይመስል ተኮፈስኩ! ከማጣሪያው ሥር የሚጠራቀመው አመድ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ የጠቆረ ድስት ሲያነጣ ጉድ ያሰኛል። ጊንጆ ሰፈር ቤት ላከራዩኝ ለእትዬ በለጡ በየሳምንቱ በፌስታል እወስድላቸው ነበር። ዕቃ የምታጥበው ልጃቸው አልማዝ ናት፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር።

አንድ ቀን ሀያት የምትባል የአጋሮ ልጅ፣ የኮሌጅ ተማሪ፣ ለጥናቷ አመድ ልትወስድ መጣች። ፌስታሌን ስሞላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ለምንድን ነው?»

«ለዕቃ ማጠቢያ!» አልኳት በኩራት።

ፊቷ ተለዋወጠ። «ወላሂ፣ ይሄስ አይሆንም። ከሰሉ ውስጥ ሜርኩሪ አለ፤ ባዘቃ የሚባለው መርዝ። ማጣሪያው አያጠፋውም እኮ! ከጭሱ ይይዝና አመዱ ላይ ያስቀረዋል። ምን ያህል እንዳለ ገና አልለካሁም። ግን እርጉዝ ሴት እንዳትነካው።»

አልማዝ ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

ስለ እሷ ስነግራት ሀያት ብቻዬን አልለቀቀችኝም፤ በባጃጅ አብራኝ መጣች። እትዬ በለጡ ሰምተው ሲጨርሱ መጀመሪያ ልጃቸውን ከዕቃው አስነሷት። ከዚያ ደረታቸውን ይዘው ቁጭ አሉ።

«ወይ አምላኬ! እኔ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ አድያለሁ።»

ያገኙትን ሳያካፍሉ አያድሩማ! እንባዬ መጣ። «ቤቱን እለቅልዎታለሁ» አልኳቸው።

«ዝም በል! የት አባትህ ልትሄድ? ተነስ፣ ዞረን እንሰብስብ።»

አራት ቤት ዞርን። በየደጁ እኔ አፌን ልከፍት ስል እሳቸው ይቀድሙኛል። «ማሎ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ። ያ አመድ ጉዳት አለው አሉ። ያመጣሁባችሁ እኔ ነኝ» ይላሉ። አንድም ቤት ስሜን አላነሱም። የተሰበሰበውን ሀያት እንዳለችው እንዳይቦን ውኃ አርከፍክፈን ወደ ፋብሪካው መለስነው።

አልማዝ እስክትገላገል ድረስ እህል በአግባቡ አልበላሁም። ተመስገን፣ በደህና ወለደች፤ ልጁ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብቷል።

ጎረቤቶቹን ሰላም ባልኩ ቁጥር ግን አሁንም አፍራለሁ። እውነቱን ልንገራቸው ስል እትዬ በለጡ «ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው» ይሉኛል። እኔ ግን መተው አልቻልኩም። ጎረቤቶቼ ሆይ፣ አመዱን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ።