ጠመንጃውን ያበላሸው ሰው

የዚያን ቀን ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ሲያካፋ ዋለ። ባለቤቴ ዝናብ ይወድ ነበር፤ ደንበኛ ስለሚቀንስ ሰው ለማማት ጊዜ ያገኛል። ሥራው አሮጌ የጦር ጠመንጃ መገመት ነበር። ከዚያ በፊት ጠጋኝ ነበር፤ ዓይኑ ሲደክም ገማች ሆነ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ቀርቼ እሱን ካገባሁ ጀምሮ ወርክሾፑን እየጠረግሁ ኖሬአለሁ። ስለ ጠመንጃ የማውቀውም ከብረት ብናኙ ጋር የገባብኝን ነው።

በግምት ወረቀቱ ላይ ከዋጋው በላይ “ያበላሸው” የምትል መስመር ነበረች። የጦር ጠመንጃ የሚወደደው ከፋብሪካ እንደወጣ ሲገኝ ነው። እንጨቱን ያሳጠረ ሰው ካለ ዋጋው በግማሽ ይወርዳል። ባለቤቴ ታዲያ የአጥፊውን ስም ካወቀ ይጽፈው ነበር፤ ካላወቀ “አንድ ደንቆሮ” ብሎ ያልፋል። ደንበኞቹ ይስቃሉ፤ እሱ አይስቅም።

ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ጠመንጃ ይዛ ገባች። ጣሪያዋ ያፈሳል። አሮጌ ጠመንጃ የሚገዛ ነጋዴ የቁራጭ ብረት ዋጋ ብቻ ብሏታል፤ ገማች ከጻፈላት ግን በተጻፈው ሊገዛት ተስማምቷል።

“እስቲ ጋሼ፣ ቆርቆሮ ትገዛልኛለች?”

ባለቤቴ ብርድ ልብሱን ገለጠ። እኔ ከመጥረጊያዬ ቀና ስል ጠመንጃዋን አወቅኋት። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሦስት ቀን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ያሸሁት እንጨት እንዴት ይጠፋኛል? መጥረጌን ቀጠልኩ። ስንት ዓመት የሰማሁት ስድብ አንድ ቀን ወደ ተሳዳቢው ሲመለስ ማየት አማረኝ።

“ወይ ጉድ፣” አለ መነጽሩን እያወረደ። “የፊት እንጨቱን በመጋዝ ገዝግዞታል።”

“ሟች ባሌ ጎበዝ ባለሙያ ነው የሠራው ይል ነበር።”

“ጎበዝ? ይሄ ሰው የራሱን ጥፍር እንኳን መቁረጥ የለበትም፣ እትዬ።”

“ሰውዬ፣” አልኩት፣ “የሰደፉን ብረት ፈተህ አላየህም። ከሥሩ ምልክት አይጠፋም።”

“ደንቆሮ ደግሞ ምልክት ይተዋል?” እያለ ብሎኖቹን ፈታ። ከሥሩ አንዲት ትንሽ ዓሣ ታትማለች፤ በወጣትነቱ በሠራው ሁሉ ላይ የሚመታት የራሱ ማኅተም። በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረጋት። አልለቀቀችም።

“አውቀሽ ነው?” አለኝ ቀስ ብሎ።

“እኔ ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁ ሴት ምን አውቃለሁ።”

ሴትዮዋ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። “ምነው፣ ዋጋው ወረደ?”

“ዋጋው ያው ነው፣” አለ። “ያበላሸው ሰው ነው የተገኘው።”

እስክሪብቶውን አነሳ። ያቺን መስመር ሊዘላት ከጅሎ ነበር፤ ግን የተዘለለ መስመር ያለበትን ወረቀት ነጋዴ አይቀበልም። ስሙን ከነአባቱ ጻፈ። ዋጋው ላይ ሲደርስ ቆመ። የጣሪያዋን ግማሽ እንኳን አይሸፍንም። ወረቀቱን ቀደደው።

“አፈሙዙን አልነካሁትም፣ ተመስገን። እንጨቱን እመልሰዋለሁ። አሥር ቀን ስጪኝ።”

ከተሰበረ ጠመንጃ የተረፈ እንጨት ከዕቃ ቤት አውጥቶ፣ በደከመ ዓይኑ እየተነጫነጨ ገጠመው። ማሸቱ እንደ ልማዱ ለእኔ ደረሰ። በአሥረኛው ቀን አዲስ ወረቀት ጻፈ፤ ያበላሸውም ያስተካከለውም አንድ ሰው መሆኑን ከነስሙ አስፍሮ። ዋጋው ለጣሪያው በቃ። የድካሙን አልጠየቃትም፤ እሷም ልክፈልህ አላለችም።

አሁን ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። ወርክሾፑን ለእህቱ ልጅ አስረክቦ ቤት ይውላል፤ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል።