አሥር ላይ የነበረው ፕላስተር

ወንድሜ በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ በስደት በምንኖርበት ሜልተን፣ ቤታችን ለቅሶ ሊደርስ የመጣ አንድ ሰውዬ ስለ ጠመንጃ መነጽር አስተማረኝ። አዎ፣ ለቅሶ ላይ። ንፍሮውን እየዘገነ።

«የወንድምህ መነጽር ስንት ያጎላል?»

«ከአራት እስከ አሥራ ስድስት፣ ጋሼ። ግን እሱ የማጉያ ቀለበቱን አሥር ላይ በፕላስተር አስሮታል።»

«አሥር! መኪና ገዝቶ በሁለተኛ ማርሽ መንዳት እኮ ነው። አንተ ሃያ አራት የሚያጎላውን ግዛ። የጥንቸሏን ጢም ትቆጥራለህ።»

«እርስዎ ጥንቸል ተኩሰው ያውቃሉ?»

«እኔ? የማላየው ቪዲዮ የለም!»

ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም። በየለቅሶው እንዲህ ያለ አንድ አይጠፋም፤ ሐኪም ከሆንክ ያክምሃል፣ ሹፌር ከሆንክ መንዳት ያስተምርሃል። እኔ ግን ከእሱ ባስኩ። ሰማሁት። ሃያ አራቱን ባልገዛም ፕላስተሩን ልጬ ጣልኩ።

ወንድሜና እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሜልተን ወዲያ ወዳለ የበግ እርሻ እንሄድ ነበር። ጥንቸሎቹ ሣሩን ይጨርሱታል፣ ወንድሜ ይተኩሳል፣ እኔ እለቅማለሁ። ጥንቸል አንበላም፤ ሃይማኖታችን አይፈቅድም። የገደልነውን ሁሉ የባለእርሻው ውሾች ይበሉታል። ባለእርሻው ሽማግሌ ይስቅብን ነበር። አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ ቆስላ ጉድጓድ የገባች ጥንቸል ካየ የእርሻውን በር ለዘለዓለም ይዘጋብናል።

ጠመንጃው በስሜ ከዞረ በኋላ ለሽማግሌው ደወልኩለት።

«ተኩሱን የማውቀው የወንድምህን ነው» አለኝ። «የአንተን አላውቅም። አንድ ቀን ና፣ ልይህ።»

እንዴት ልበል... ከወንድሜ ጋር ሁለታችን ብቻ የሆንንበት፣ የቀረኝ ቦታ ያ እርሻ ብቻ ነው። ቤቱን ሰው ሞልቶታል።

ሄድኩ። ሙቀት ነበር። ሽማግሌው ከኋላዬ ቆመ። ሁለት መቶ ሜትር ላይ ጥንቸል አየሁ፤ በዓይኔ አየኋት። ቀለበቱን አሥራ ስድስት ላይ አድርጌ በመነጽሩ ስፈልጋት የለችም። ሣር። አሁንም ሣር። አየሩ እንደሚፈላ ውሃ ይንቀጠቀጣል። ስትገኝልኝ ደግሞ ልቤ በመታ ቁጥር የማነጣጠሪያው መስቀል ከጭንቅላቷ ወደ እግሯ ይዘላል። አንድ እርምጃ ፈንጠር ስትል እንደገና ጠፋች። ጢሟ? ጢሟን አየሁላችሁ።

«ወንድምህ ይሄኔ ሦስት ጥሎ ነበር» አለ ሽማግሌው።

ቃታው ላይ ጣቴ ነበር። ብስበው አቆስላታለሁ። አወቅሁት። ጣቴን አነሳሁና ቀለበቱን ወደ ታች አዞርኩ። አውራ ጣቴ አንድ ቦታ ላይ ተጣበቀ። የፕላስተሩ ሙጫ። ልጬ ስጥለው አልለቀቀም ነበር።

እዚያው አሥሩ ላይ ተውኩት።

ጥንቸሏ አነሰች። ግን ሜዳው ሁሉ ከእሷ ጋር ገባ፤ መስቀሉም ረጋ። ሳብኩ። ከወደቀችበት አልተነሳችም።

ሽማግሌው ሄዶ በጫማው ነካ አደረጋትና ተመለሰ።

«ስትወጣ በሩን ዝጋው» አለኝ። «ቅዳሜ ስትመጣም።»

ስወጣ በሩን ዘጋሁት።

በሙት ዓመቱ ያ ሰውዬ መጣ። ሰሃኑን እንደያዘ ጠየቀኝ።

«ሃያ አራቱን ገዛህ?»

«አልገዛሁም። አሥር ላይ ነኝ።»

«ምክር አትሰማም! ልክ እንደ ወንድምህ!»

ወጥ ጨመርኩለት።