ተመላላሹ ኦቦ ነገራ

አምቦ ውስጥ ደብሪቱን የማያውቅ ቁስለኛ አልነበረም። የሆስፒታል ድሬሰር ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከኮሪደሩ ጫፍ ባለች ጠባብ ክፍል የሰው እግር ስታጥብና ስትጠቀልል ኖራለች። እጇ የእናት እጅ ነው፤ ምላሷን ግን በሽተኞቹ «ከአዮዲን ይብሳል» ይሉታል። እውነታቸውን ነው። ቁስሉን አቆሽሾ ፊቷ የቀረበ ወዮለት!

አንድ ልማድ ነበራት። ማሰሪያውን ስትጨርስ ካርዱን ሳብ ታደርግና «ከሳምንት በኋላ» ብላ ትጽፋለች። የከተማው ሰውም ይሁን የሩቁ የባኮው፣ ሁሉም ከሳምንት በኋላ ነው። ከየት መጣህ ብላ ጠይቃ አታውቅም፤ ጠይቂ ያላትም የለም።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ያስጨነቋት ኦቦ ነገራ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። ውስጥ እግራቸው ላይ የእንቁላል ያህል ቁስል አለ፤ እግራቸው ከደነዘዘ ቆይቷልና ሕመሙ አይሰማቸውም። ዓመት ተኩል ሐሙስ ሐሙስ አንድም ቀን ሳይቀሩ መጡ። ቁስሉ ግን ይባስ ብሎ ጠለቀ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ዶክተሩ አየና፣ «እስከ መስከረም መጨረሻ ካልደረቀ እግሩ ይቆረጣል» አለ። የደብሪቱ ሆድ ባባ። ሆዷ ሲባባ ደግሞ የምታውቀው መቆጣት ብቻ ነው።

«ኦቦ ነገራ፣ እኔ እዚህ እለፋለሁ፣ እርስዎ እዚያ ያበላሹታል! ምን እያደረጉበት ነው?»

«ምንም፣ አዴ። መምጣት ነው እንጂ ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

«ለመሆኑ ከየት ነው የሚመጡት?»

«ከሸነን ወዲህ ነው። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ እነሳለሁ፣ ጀምበር ስትጠልቅ አምቦ እገባለሁ። አርብ ደግሞ መመለስ።»

«በእግርዎ?»

«በምን ልምጣ ታዲያ?»

«ምነው አንድ ሐሙስ እንኳ ቢቀሩ?»

ኦቦ ነገራ ካርዳቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከቆጠሩ ገና ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ማንበባቸው ያኮራቸዋል። ካርዱ ራስጌ የታተመውን ቃል በጣታቸው እየተከተሉ፣ «ተ... መ... ላ... ላ... ሽ» አሉ። «መምህራችንን ጠየቅሁት። የሚሄድ የሚመጣ ማለት ነው አለኝ። መንግሥት ተመላለስ ብሎ በማኅተም ከጻፈ ገበሬ ምን ብሎ ይቀራል?»

ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ። ቃሉ አልጋ ያልያዘ በሽተኛ ማለት እንጂ ትእዛዝ አልነበረም። ደብሪቱም ልትስቅ ስትል ዓይኗ ቁስሉ ላይ ወደቀ፤ ትኩስ ደምና የመንገድ ጠጠር። ሐሙስ የምትጠቀልለውን አርብ መንገዱ ይፈታዋል። ዓመት ተኩል ሙሉ ቁስሉን ስትቀልበው የኖረችው እሷው ናት። አፈረች።

ብዕሯን አነሳችና «ተመላላሽ» የሚለውን ሰረዘች። ስንቅ ይዛ አብራቸው የምትመጣውን ሚስታቸውን ወርቅቱን ከደጅ አስጠራች። ውኃ አፍልቶ ማቀዝቀዙን፣ ማጠቡን፣ መጠቅለሉን ሦስት ጊዜ አሠራቻት። እስከ መስከረም መጨረሻ የሚበቃ ፋሻ ሰጠቻት። ወረፋ ከያዙት መካከል ነጋዴውን አብዱልወሀብን ለምናም በቅሎ አስዋሰቻቸው።

«እግራቸውን ሰቅለው ይቀመጡ። ቁስሉ ከሸተተ ወይ ካተኮሳቸው ያኔውኑ አምጪያቸው። ካልሆነ እስከ መስከረም የመጨረሻው ሐሙስ እንዳላያችሁ!»

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ዓይኗ ከበሩ አይነቀልም። ምን ነክቶኝ ለቀቅኋቸው እያለች ራሷን ትረግማለች። የቀጠሮው ሐሙስ ደረሰ። ወርቅቱ ብቻዋን ገባች፤ ደብሪቱ የያዘችውን ፋሻ ጥላ ተነሳች።

«አካም ጅርታ፣ አዴ?» ብላ ወርቅቱ ደህንነቷን ጠየቀችና ካርዱን ሰጠቻት። ከተሰረዘው ቃል ሥር በትልልቅ ጠማማ ፊደል «ቀሪ» የሚል ተጽፏል። መሠረተ ትምህርት ላይ ስም ሲጠራ ለሌለ ሰው የሚጻፍ ቃል ነው።

«እንዲህ ብላ ትመዝግበኝ ብሎሻል። ቁስሉ ደርቆ ቆዳ ለብሷል። ና እናሳያት ብለው፣ ‹ላሳያት ስል መልሼ ልክፈተው?› ብሎ እምቢ አለኝ።»

ደብሪቱ ወርቅቱ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ከዚያ መዝገቡን ከፍታ በስማቸው ትይዩ «ቀሪ» ብላ ጻፈች። መመላለሱም ቀረ፣ መቆረጡም ቀረ።

ባለተራው ወጣት ተቀምጦ እግሩን ዘረጋ። ደብሪቱ ማሰሪያውን ከመንካቷ በፊት ቀና ብላ አየችው።

«ከየት ነው የመጣኸው?»